ትልልቅ ሴራሚክ ወለልና ግድግዳ ላይ እንዴት ይነጠፋል? ከሥር ዝግጅት እስከ መገጣጠሚያ ሙሌት

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶም ሆነ በለገጣፎ ቤቱን እያጠናቀቀ ያለ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ «60 በ120 ሳንቲ ፖርስሊን ገዝቻለሁ፤ ሠራተኛው በአሸዋና በሲሚንቶ ልንጠፈው ይለኛል። ኮላው ደግሞ ውድ ነው። የግድ ነው ወይ?» አዎ፣ የግድ ነው። ምክንያቱንና የሥራውን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ታገኛላችሁ።

የድሮው 20 በ30 የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባው ውሃ ይጠጣል፤ የሲሚንቶው ውሃ ወደ ጀርባው ሰርጎ ሲደርቅ ጨብጦ ይይዘዋል። ፖርስሊን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ሴራሚክ የሚጠጣው ውሃ ግን ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ተራ ሲሚንቶ የሚጨብጠው ቀዳዳ ስለማያገኝ ከደረቀ በኋላ ይላቀቃል። ለስላሳውን ጀርባ የሚይዘው ኮላው ዱቄት ውስጥ የተቀላቀለው ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) ነው። ሌላው ምክንያት ስፋቱ ነው። አንድ 60 በ120 የ12 ባለ 20 በ30 ሴራሚክ ቦታ ይይዛል። ወለሉ ቢጎብጥ 12ቱ ትንንሾች ጉብታውን ተከትለው ይተኛሉ፤ ትልቁ ግን አይታጠፍም። ወይ ጠርዙ ብድግ ይላል፣ ወይ ከሥሩ ባዶ ይቀራል።

መመሪያው ከ60 በ60 ለሚበልጡ፣ እስከ 120 በ120 ለሚደርሱ፣ ውፍረታቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ለሆኑ ሴራሚኮች ነው። 120 በ240ና ከዚያ በላይ ያለው ልዩ መሸከሚያ ፍሬም ስለሚፈልግ እዚህ ውስጥ አልገባም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ስሌቱ 4 በ5 ሜትር ለሆነ ሳሎን (20 ካሬ) ነው።

- ፖርስሊን 60 በ120፣ 9 ሚሊ። አንዱ 0.72 ካሬ ነው፤ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። ስንት ፍሬ እንደሚገዛ ደረጃ 4 ላይ ይሰላል፤ ከዚያ በፊት አትግዙ።
- ዱቄት የሴራሚክ ኮላ። ከረጢቱ ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ፦ «ሲ» ሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ፣ «2» ከሲ1 የበለጠ የሚይዝ፣ «ቲ» ግድግዳ ላይ የማይንሸራተት፣ «ኢ» ከተቀባ በኋላ ቶሎ የማይደርቅ፣ «ኤስ1» በመጠኑ የሚለጠጥ ማለት ነው። ለማይንቀሳቀስ የውስጥ ወለል ሲ2 ኢ ይበቃል። ለግድግዳ ሲ2 ቲኢ፣ ፀሐይ ለሚያገኘው በረንዳና መሬቱ ለሚያጠራጥር ምድር ቤት ደግሞ ኤስ1 የተጨመረበትን ውሰዱ። በካሬ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይበላል፤ ለ20 ካሬ 6 ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ያዙ።
- ለወለሉና ለግድግዳው የሚሆን ፕራይመር (ከኮላው በፊት የሚቀባ ፈሳሽ)።
- የጎን ለጎን ሴራሚኮችን ጠርዝ የሚያስተካክል ባለ 2 ሚሊ ክሊፕ 250፣ ክሊፑን የሚያጠብቅ ሽብልቅ 100 (ሽብልቁ ተመልሶ ይሠራል፤ ክሊፑ ግን ይሰበራል)።
- የመገጣጠሚያ ሙሌት 2 ኪሎ። ሴራሚኩ ትልቅ ሲሆን መገጣጠሚያው ስለሚያንስ ይበቃል፤ ሻጩ 10 ኪሎ ቢላችሁ አትስሙት።
- ሲሊኮን፣ የሙሌቱን ቀለም የሚመስል።
- ባለ 10 ወይም ባለ 12 ሚሊ ጥርሳም ማንኪያ፣ የጎማ መዶሻ፣ ስፖንጅ፣ ባልዲዎች።
- ባለ 2 ወይም ባለ 3 ሜትር የአሉሚኒየም ስታጃ (ቀጥ ያለ ማስተካከያ ዘንግ)፣ ውሃ ልክ፣ ስኳድራ (የቀኝ ማዕዘን መለኪያ)፣ ክር፣ ሌዘር ወይም የውሃ ጎማ።
- ቀስ ብሎ የሚዞር የማደባለቂያ ድሪል።
- ቢያንስ 120 ሳንቲ የሚቆርጥ ባለ ሐዲድ መቁረጫ፣ ግራይንደር ከጥርስ አልባ የዳይመንድ ዲስክ ጋር፣ የዳይመንድ መብሻ።
- ሁለት የመስታወት ማንሻ (በአየር የሚጣበቀው)።
- ማስክ፣ መነጽር፣ የጎማ ጓንት። የፖርስሊን አቧራ ሳንባ ያበላሻል፤ የኮላው ሲሚንቶ ደግሞ ቆዳ ይበላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ በርሜል ሙሉ። ቀን ላይ ውሃ ቢያልቅ ማቡካቱ ብቻ ሳይሆን ማጽዳቱም ይቆማል፤ ፊቱ ላይ የደረቀ ኮላ ደግሞ በማግስቱ በምላጭ ካልሆነ አይወርድም።

ደረጃ 1፦ ካርቶኑን መርምሩ

ሁሉም ካርቶን ላይ የቶንና የካሊበር ቁጥር ታትሟል። ሁለቱም በሁሉም ካርቶን ላይ አንድ መሆን አለባቸው። ቶኑ ከተለያየ አንዱ ነጭ ከሌላው ነጭ ይለያል፤ ካሊበሩ ከተለያየ መጠኑ በሚሊ ስለሚለይ መገጣጠሚያው መስመር አይጠብቅም። ይህን ሱቅ ውስጥ ተመልከቱ። መርካቶ ሄዶ መለወጥ የመኪና ወጪ አለው፣ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም።

ከዚያ ሁለት ፍሬ አውጡና ፊት ለፊት ግጠሟቸው። መሃላቸው ተነካክቶ ጫፋቸው ክፍተት ካሳየ ሆዳቸው የወጣ ነው። ትንሽ ጉብታ በፋብሪካ ሥራ ያለ ነገር ነው፤ የአነጣጠፍ ንድፉን የሚወስነው ግን እሱ ነው (ደረጃ 4)። ካርቶኖቹን በእንጨት ላይ አቁማችሁ አስቀምጡ። ተኝተው ከተደራረቡ የታችኞቹ ይሰነጠቃሉ።

ደረጃ 2፦ ሥሩን መርምሩ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወለሉን ጠርጋችሁ አምስት ነገር ፈትሹ።

ሀ. ጠፍጣፋነት። ስታጃውን በየአቅጣጫው፣ በአግድምም በሰያፍም አስተኙ። በ3 ሜትር ውስጥ 3 ሚሊ፣ በ2 ሜትር ውስጥ 2 ሚሊ ያህል ክፍተት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ጎድጎድ ያለውን በጠመኔ «−»፣ ጎበጥ ያለውን «+» እያላችሁ ወለሉ ላይ ጻፉ። ጠፍጣፋ ማለትና ልክ (ሌቭል) ማለት አንድ አይደሉም። ወለሉ ወደ አንድ ጎን 1 ሳንቲ ዘንበል ቢል ሴራሚኩ አብሮ ዘንብሎ ይተኛል፤ ቢጎብጥ ግን አይተኛም።

ለ. ጥንካሬ። በሚስማር ጫሩ። አሸዋ ሆኖ የሚረግፍ ወይም በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሊሾ ይነሳ። ሲሚንቶ ተነስንሶ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሊሾም ሌላ ችግር አለው፦ ኮላ አይነክሰውም። ላዩን በግራይንደር ወይም በመሮ አሻክሩት። መሻከሩን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ውሃው ጠብታ ሆኖ ከቀረ ገና ነው፣ ወደ ውስጥ ከሰረገ ደርሷል።

ሐ. እርጥበት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ሥሩ ጠብታ ካቀረረ ወይም ወለሉ ከጠቆረ አልደረቀም። በተለይ ምድር ቤት ላይ፣ ኮንክሪቱ ሥር ላስቲክ ያልተነጠፈበት ቤት ከሆነ፣ ክረምት ላይ እርጥበት ከታች ይወጣል፤ በኋላ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ጨው ሆኖ ይታያል።

መ. ስንጥቅ። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባለው ወገን ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሸሻል፤ ላዩ ያለው የምድር ቤት ኮንክሪትም አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ስንጥቁን በእጃችሁ ዳስሱ። ሁለቱ ወገኖች ከፍታቸው እኩል ከሆነና ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ ጥቂት ጀሶ በላዩ ላይ አጣብቁና ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ ጀሶው ካልተሰነጠቀ ለጊዜው ቆሟል፣ በጥገና ሞርታር ሞልታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። በጋ ላይ ብቻ የተፈተነ ስንጥቅ ግን ክረምት ላይ ሊነቃ ስለሚችል የሴራሚኩን መገጣጠሚያ በስንጥቁ መስመር ላይ አውሉትና በሙሌት ፈንታ ሲሊኮን አድርጉበት። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ወይም ጀሶው ከተሰነጠቀ ወለሉ እየተንቀሳቀሰ ነው። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ኮላ አይረዳም፤ መጀመሪያ የውሃ ማፍሰሻው ከቤቱ ዙሪያ ይስተካከል፣ ኮንክሪቱም በባለሙያ ይታይ።

ሠ. ግድግዳ ላይ ያለ ቀለምና ስቱኮ። ቀለም በተቀባ ወይም ስቱኮ በተደረገ ግድግዳ ላይ ኮላው የሚይዘው ስቱኮውን እንጂ ልስኑን አይደለም። ፖርስሊኑና ኮላው አንድ ላይ በካሬ ከ25 ኪሎ በላይ ይመጣሉ፤ ስቱኮው ይህን ተሸክሞ አይቆይም። እስከ ሲሚንቶ ልስኑ ድረስ ፋቁት። የጀሶ ልስን የሚችለው በካሬ 20 ኪሎ ገደማ ነውና እሱም ተነስቶ በሲሚንቶ ልስን ይተካ።

የውሃና የመብራት መስመሩም አሁን ይፈተሽ። ቧንቧውን ውሃ ሞልታችሁ፣ ዘግታችሁ አሳድሩት።

ደረጃ 3፦ ሥሩን አስተካክሉ

«+» ያለበትን በግራይንደር ቁረጡት። «−» ያለበትን ፕራይመር ቀብታችሁ በጥገና ሞርታር ወይም ራሱን በሚያስተካክል ፈሳሽ ሊሾ ሙሉት። ጎድጓዳውን በኮላ ሞልቶ እግረ መንገድ መንጠፍ የተለመደ አቋራጭ ነው። ኮላ በውፍረት ሲቀባ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ማታ ልክ የነበረው ሴራሚክ ከሳምንት በኋላ አንድ ጥጉ ወርዶ ይገኛል። አብዛኛው ኮላ ከ10 ሚሊ በላይ ውፍረት አይፈቅድም፤ የእናንተው ከረጢት ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

ወለሉ ከሥር ጀምሮ አዲስ ሊሾ የሚፈልግ ከሆነ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ውፍረት። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትኑ፦ ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ፣ ላዩ ውሃ፣ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት። ላይ የሚተኛው የጭቃ ንብርብር ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ከበለጠ ታጥቦ ይሠራ ወይም ይመለስ፤ ጭቃ ያለበት ሊሾ ይረግፋል። ሊሾውን 7 ቀን ውሃ አጠጡት፣ ከዚያ 28 ቀን እስኪሞላው ተዉት። ክረምት ከሆነ ከዚያም ይቆያል፤ የላስቲኩን ሙከራ ድገሙ። ያልደረቀ ሊሾ መሰብሰቡን ስላልጨረሰ ሴራሚኩን ይዞት ይጎትታል።

ማስጠንቀቂያ፦ 5 ሳንቲ ሊሾ በካሬ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ውስጥ በነበረው ሊሾ ላይ ሌላ ወፍራም ሊሾ አትደርቡ። የነበረውን አንስታችሁ ተኩ፣ ወይም በቀጭኑ አስተካክሉ።

ግድግዳ ከሆነ ልስኑ በስታጃ ተጎትቶ በእንጨት ፍራታሶ (የልስን ማሻ ሰሌዳ) ሻካራ ሆኖ ይቅር፤ በብረት አይለስልስ። ለየአንዱ ሳንቲ ውፍረት ቢያንስ 7 ቀን ስጡት።

ደረጃ 4፦ ክፍፍሉን ወረቀት ላይ ጨርሱ

የሳሎኑን ምሳሌ እንውሰድ። 20 ካሬን ለ0.72 ብናካፍል 28 ፍሬ ይሆናል፤ ብዙ ሰው 10 በመቶ ጨምሮ 31 ይገዛል። አሁን እንሳለው። በ5 ሜትሩ ርዝመት 4 ሙሉ ሴራሚክ ይገባና 19 ሳንቲ ይተርፋል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሥር 19 ሳንቲ ቁራጭ ሲታይ ያስጠላል። ስለዚህ 3 ሙሉ መሃል ላይ አድርጋችሁ በሁለቱም ጫፍ 69 ሳንቲ ቁራጭ ብታስገቡ ያምራል። ግን 69 ሲቆረጥ የሚተርፈው 51 ነው፤ ሌላ 69 አይወጣውም። በመስመር 5 ፍሬ፣ በ4 ሜትሩ ወርድ 7 መስመር፣ በድምሩ 35 ፍሬ። 31 የገዛ ሰው መሃል መንገድ ላይ ያልቅበታል፤ ያኔ ያው ቶን ሱቁ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ካርቶኑ 2 ፍሬ የሚይዝ ከሆነ 19 ካርቶን (38 ፍሬ) ግዙ።

ጠባቡ ቁራጭ ቁም ሳጥን ወይም ሶፋ ሥር የሚውል ከሆነ ግን 19 ሳንቲውን ወደዚያ ወስዳችሁ ወደ 30 በሚጠጋ ፍሬ መጨረስ ይቻላል። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ዓይናችሁ የሚያርፍበትን ቦታ አይታችሁ ወስኑ። በሁለቱም መንገድ ቁራጩ ለዞኮሎ (ግድግዳው ሥር ለሚለጠፈው ጠባብ ክፈፍ) ይሆናል። በ10 ሳንቲ ስትቆርጡት የፋብሪካው ጠርዝ ወደ ላይ፣ የተቆረጠው ወደ ታች ይሁን።

ንድፉ ቀጥ ያለ (መገጣጠሚያ ከመገጣጠሚያ ትይዩ) ይሁን፤ መዛነፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከርዝመቱ ሲሶ፣ ማለትም 40 ሳንቲ አይለፍ። በግማሽ ማዛነፍ የአንዱን ጉብታ ከሌላው ጫፍ ጋር ያጋጥመዋል፤ ጠርዝ መበላለጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። መገጣጠሚያው ለቀጥታው 2 ሚሊ፣ ለተዛነፈው 3 ሚሊ። «ያለ ክፍተት ግጥም አድርጉልኝ» የሚል ባለቤት ብዙ ነው፤ እሺ አትበሉት። ሴራሚኩም ወለሉም በሙቀት ይለጠጣሉ፤ ቦታ ካጡ ተገፋፍተው ብድግ ይላሉ።

በዚሁ ምክንያት ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ክፍተት ይቅር (ዞኮሎው ይሸፍነዋል)። ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ከ6 እስከ 7 ሜትር ካለፈ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ደግሞ በየ3 ሜትሩ አንዱ መገጣጠሚያ በሲሊኮን ይሞላ። ክፍሉን በስኳድራ አረጋግጣችሁ ሁለት ክር ዘርጉ፦ አንዱ በርዝመት፣ አንዱ በወርድ።

ደረጃ 5፦ መቁረጥና መብሳት

መብራት ባለበት ሰዓት የታወቁትን ቁራጮች ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ከሰዓት ቢጠፋም ማንጠፉ ይቀጥላል። ቀጥ ያለውን በባለ ሐዲዱ መቁረጫ፣ ሳትቋረጡ በአንድ እጅ ኃይል አንዴ ብቻ ጫሩና ስበሩ። ሁለቴ መጫር ስብራቱን ያዛንፈዋል።

ለሶኬት ወይም ለበር መቃን የ«ኤል» ቅርጽ ስትቆርጡ መጀመሪያ የውስጠኛው ጥግ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ በግራይንደር እስከ ቀዳዳው ቁረጡ። በሹል ጥግ የቀረ ቁራጭ ከወራት በኋላ ከዚያው ጥግ ይሰነጠቃል። ለቧንቧ ስትበሱ የድሪሉን መዶሻ አጥፉ፤ መብሻውን ዘንበል አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከያዘ በኋላ አቅኑት፣ ውሃ አታቋርጡበት።

ደረጃ 6፦ ኮላውን አቡኩ

ባልዲው ውስጥ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዱቄት። ለ25 ኪሎ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ሊትር ነው፤ ትክክለኛው ከረጢቱ ላይ አለ፣ በሊትር ለኩት። በቀስታ ደባልቁ፣ 5 ደቂቃ አሳርፉ፣ እንደገና ደባልቁ። እረፍቱ ውስጡ ያለው ኬሚካል በውሃው እንዲሟሟ ነው፤ ያለሱ ኮላው ባልዲው ውስጥ ይወፍርና ውሃ ለመጨመር ይጋብዛችኋል። መወፈር ከጀመረ በኋላ ውሃ መጨመር ክልክል ነው፤ የለሰለሰ ይመስላል እንጂ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ሲሚንቶም አትቀላቅሉበት። መብራት ከጠፋ ሙሉ ከረጢት በእጅ ለማቡካት አትሞክሩ፤ ዱቄቱ ቋጠሮ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ወለሉን አንጥፉ

1. ወለሉን በአቧራ መሳቢያ ወይም በእርጥብ ስፖንጅ አጽዱ። በጋ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ክፍት ቤት ውስጥ ደረቅ ሊሾ የኮላውን ውሃ ስለሚመጥ ፕራይመር ቀቡት፤ መስኮቱንም በላስቲክ ጋርዱ።

2. የሴራሚኩን ጀርባ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉና ይድረቅ። ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ከምድጃው የመጣ ነው፤ ካልተጠረገ ኮላው የሚይዘው ዱቄቱን ነው። ፖርስሊንን ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ ያ ለሚጠጣው ሴራሚክ ነበር። የራሰ ጀርባ እንዲያውም ኮላውን ያስለቅቃል።

3. ኮላውን በማንኪያው ጠፍጣፋ ጎን ወለሉ ላይ እያሻችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ተጨማሪ አድርጋችሁ በጥርሱ ጎን መስመር አውጡ። መስመሩ ቀጥ ያለና በአንድ አቅጣጫ ይሁን፤ አቅጣጫውም የሴራሚኩን አጭር ጎን (60ውን) ይከተል። አየሩ የሚወጣው በመስመሮቹ መካከል ነው፤ 60 ሳንቲ ተጉዞ መውጣት ከ120 ይቀለዋል። በክብ የተሳለ ኮላ አየሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ለአንድ ሴራሚክ የሚበቃውን ብቻ ቀቡ።

4. ጀርባውንም በጠፍጣፋው ጎን 1 ሚሊ ያህል ሙሉ ለሙሉ ቀቡ። ማጠናከሪያ ብቻ አይደለም፤ የጀርባውን ጎድጓዳ ምልክቶች የሚሞላው ይኼ ነው።

5. ሁለት ሆናችሁ በማንሻው አንስታችሁ አስተኙ። ከዚያ ከመስመሮቹ በተቃራኒ፣ ማለትም በረጅሙ ጎን አቅጣጫ 1 ወይም 2 ሳንቲ ወዲያና ወዲህ እየገፋችሁ ተጫኑ። መስመሮቹ ተደፍተው ክፍተቱን የሚሞሉት በዚህ እንቅስቃሴ ነው። በመዶሻ መምታት ብቻውን አይደፋቸውም።

6. የመጀመሪያውን ሴራሚክ መልሳችሁ አንሱት። የግድ አንሱት። ጀርባው ቢያንስ 95 በመቶ በኮላ ተሸፍኖ፣ ጥጎቹም ሞልተው ካልተገኙ የማንኪያው ጥርስ ከፍ ይበል ወይም ኮላው ይብዛ። በየአስሩ ፍሬ ድገሙት። አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ የሚባለው አሠራር ከግማሽ በላይ ባዶ ይተዋል፤ የወንበር እግር ባዶው ላይ ሲያርፍ ይሰነጥቀዋል።

7. ክሊፖቹን ከጥጉ 5 ሳንቲ ገባ አድርጋችሁ፣ የቀሩትን በመካከላቸው በእኩል ርቀት አስገቡ፤ ለ60 በ120 በረጅሙ ጎን 4፣ በአጭሩ 2። ሽብልቁን ጠርዞቹ እስኪተካከሉ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ዝቅ ያለውን ሴራሚክ ከኮላው ላይ ያነሳውና ከሥሩ ባዶ ይፈጥራል። ክሊፕ ሚሊ ያቃናል፤ ሳንቲ አያቃናም።

8. መገጣጠሚያው ውስጥ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ አውጡ፤ ጥልቀቱ ሁለት ሦስተኛው ለሙሌት ክፍት ይሁን።

የተቀባውን ኮላ በየጊዜው በጣት ንኩ። ጣት ላይ ካልቀረ ቆዳ አውጥቷል፤ ፍቃችሁ ጣሉት። ከረጢቱ 30 ደቂቃ ቢልም የጥር ፀሐይና ነፋስ ያሳጥሩታል።

24 ሰዓት ማንም አይርገጠው። ከዚያ ክሊፑን በመገጣጠሚያው መስመር አቅጣጫ በጫማ ወይም በጎማ መዶሻ ምቱ፤ ከጎን ከተመታ ጠርዝ ይሸርፋል።

ደረጃ 8፦ ግድግዳ

አሠራሩ ያው ነው፤ የሚለየው አነሳሱና ክብደቱ ነው። ከወለሉ አትጀምሩ። በሌዘር ወይም በውሃ ጎማ ዙሪያውን አንድ መስመር አውጡና የሁለተኛው ረድፍ ሥር ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ወይም አሉሚኒየም በሚስማር ምቱ። ሁለተኛው ረድፍ እሱ ላይ ይቀመጣል፤ የታችኛው ረድፍ ወለሉ ካለቀ በኋላ ተቆርጦ ይገባል። ወለሉ ቢያዘነብልም የግድግዳው መስመር ልክ ይሆናል፣ ክብደቱም ኮላው እስኪደርቅ ተሸካሚ ያገኛል።

ኮላው «ቲ» ያለበት ይሁን፤ ጀርባ መቀባቱም ግድግዳ ላይ ፈጽሞ አይታለፍም። በየፍሬው በቱንቢ ወይም በረጅም ውሃ ልክ ቁመቱን፣ በስታጃ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መስተካከሉን እዩ። በአንድ ቀን ከሁለት ረድፍ በላይ ባትወጡ ይሻላል። መሰላል ላይ ሆኖ 15 ኪሎ ሴራሚክ ለብቻ ማንሳት አደጋ ነው፤ መረማመጃ አቁሙ። ሶኬት አካባቢ ስትሠሩ ቆጣሪውን አጥፉ።

ደረጃ 9፦ መታጠቢያ ቤት

ሴራሚክና ሙሌት ውሃ አያግዱም። ስለዚህ ከመንጠፋችሁ በፊት በሊሾውና በልስኑ ላይ የውሃ መከላከያ ቅብ ሁለቴ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀባ፤ ጥግ ለጥግና በማፍሰሻው ዙሪያ ማጠናከሪያ ጨርቅ ይግባ። ሻወሩ ባለበት ግድግዳ እስከ 2 ሜትር፣ በሌላው 15 ሳንቲ ይውጣ። ሲደርቅ ማፍሰሻውን ደፍናችሁ 2 ወይም 3 ሳንቲ ውሃ ለ24 ሰዓት አቁሙና ከታች ያለውን ጎረቤት አንኳኩታችሁ ኮርኒሱን እዩ።

ወለሉ በሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ወደ ማፍሰሻው ይዝቀጥ። ማፍሰሻው መሃል ላይ ከሆነ 60 በ120 ወደ አራት አቅጣጫ መዝቀጥ አይችልም። ወይ ከግድግዳው ሥር ረጅም ማፍሰሻ አስገብታችሁ ወለሉ ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዝቀጥ፣ ወይ ሻወሩ ሥር ያለውን በ30 በ30 ቆራርጣችሁ አንጥፉ።

ደረጃ 10፦ ሙሌትና ሲሊኮን

ከ24 ሰዓት በኋላ መገጣጠሚያውን አጽዱ፤ ሙሌቱን በጎማ ፍራታሶ በሰያፍ እየገፋችሁ ሙሉ። ፊቱ ሲደበዝዝ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ አሁንም በሰያፍ ጥረጉ። ጥቁር ሙሌት በነጭ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ እድፍ ሊተው ስለሚችል በቁራጭ ሞክሩት። ወለልና ግድግዳ፣ ግድግዳና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ በሙሌት አይሞላም፤ ሲሊኮን ነው። ሲያልቅ በአሲድ ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ፖርስሊኑን ባይጎዳ እንኳ ሙሌቱን ይበላዋልና ተዉት። ዕቃ ከ7 ቀን በኋላ ይግባ፣ ሻወሩም እስከዚያው አይከፈት።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና ምክንያታቸው

ጠርዝ ይበላለጣል፦ ወለሉ አልተስተካከለም፣ ወይም በግማሽ ተዛንፏል።

ከወራት በኋላ መሃል ላይ ተነስቶ እንደ ድንኳን ቆመ፦ ዙሪያው ክፍተት አልተተወም፣ ወይም ክፍተቱ በሲሚንቶ ተሞልቷል። መጀመሪያ ዞኮሎውን አንስታችሁ ዙሪያውን ክፈቱ፤ ያለዚያ ስትጠግኑት ተመልሶ ይነሳል።

ሙሌቱ ቀለሙ ዥንጉርጉር ሆነ፦ ሲቦካ ውሃ በዝቷል ወይም ስፖንጁ አልተጨመቀም።

ግድግዳው ላይ አንዱ ወረደ፦ ጀርባውን እዩ። ኮላው ግድግዳው ላይ ቀርቶ ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ነጩ ዱቄት አልተጠረገም ወይም ኮላው ቆዳ አውጥቶ ነበር። ኮላው ከስቱኮ ጋር አብሮ ከወረደ የቀሩትም ይከተሉታል፤ አትጠብቁ፣ አውርዷቸው።

ባዶ ድምፅ ይሰጣል፦ በሳንቲም እያንኳኳችሁ የባዶውን ወሰን በእርሳስ አክብቡ። መሃል ላይ እንደ መዳፍ ያነሰ ከሆነና መንገድ ካልሆነ ሊቆይ ይችላል። ጥግ ላይ ወይም መተላለፊያ ላይ ከሆነ ይነሳ። በዙሪያው ያለውን ሙሌት በግራይንደር ቁረጡ፣ ሴራሚኩን ከመሃል በመዶሻ ሰብራችሁ ወደ ዳር ንቀሉ፤ ከዳር መጀመር ጎረቤቱን ይሸርፈዋል። የቀረውን ኮላ እስከ ሊሾው ፍቃችሁ ከትርፉ ካርቶን አንዱን በደረጃ 7 መሠረት መልሱበት።